ስለ ሽጉጥ ዘይት ለጠየቅኸኝ

«ጋሼ፣ ሽጉጥ ስወለውል ስንት ጠብታ ዘይት ላድርግ?» ብለህ የጻፍክልኝ ልጄ፣ የቆየ ቁጭቴን ነካካኸው።

መሣሪያ ስጠግን በኖርኩበት ክፍል አንድ ባልደረባ ነበረኝ። እንደ እሱ ሽጉጡን የሚወድ ሰው አላየሁም። ተኩስ ኖረም አልኖረ ይፈታል፣ ይወለውላል፣ ዘይት ያጠጣል፣ ይገጥማል። አንድ ብርዳማ ማለዳ ኢላማ ተኩስ ወጣን። ምላጩን ሲስብ ቀጭ አለና ዝም። ጥይቱን አውጥተን ብናየው መርፌው፣ ማለትም ጥይቱን ከኋላ መትቶ የሚያስነሣው ቀጭን ብረት፣ ከጀርባው ትንሽ ነጥብ ብቻ ትቶበታል፤ አልተቀጣጠለም። ሌላ ጥይት አጎረሰ፤ ያው ነው። ፈትተን መርፌው የሚመላለስበትን ቀዳዳ ብንከፍተው፣ የከረመ ዘይትና የባሩድ ጥላሸት ተቦክቶ ሙጫ ሆኗል። ብርዱ ደግሞ አጠጥሮታል። መርፌው በዚያ ውስጥ እየተጎተተ ጉልበቱን ጨርሶ ነው ጥይቱ ጋ የሚደርሰው። አለቃችን ግን መዝገቡ ላይ «በእንክብካቤ ጉድለት» ብለው ጻፉ። ለእሱ! ሰውየው አልተከራከረም፤ ብዙም ሳይቆይ ሥራውን ለቀቀ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። የላይኛው ተንሸራታች ብረት በሚሄድበት ሐዲድ ላይ በየጎኑ አንድ ጠብታ፤ በርሜሉ ከውጭ ተፋግቶ ባበራበት ቦታ ስስ ቅባት። የመርፌው ቀዳዳ፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝና ውስጥና ጥይቱ ላይ ዘይት አይድረስ፤ ከጥይቱ ጀርባ ወዳለው መቀጣጠያ ከሰረገ ጥይቱን ሊያከሽፈው ይችላል። የቀረውን ከሽጉጡ ጋር የተሰጠህ መመሪያ በሥዕል ያሳይሃል። እኔ ራሴ ሐዲዱ ላይ ከአንድ ጠብታ በላይ አፈስና ትርፉን በጨርቅ አነሳለሁ፤ የእጅ ልማድ ነው፣ አንተ አትልመደው።

የዛሬ ልጆች በሰከንድ ፈትታችሁ ስትገጥሙ በቪዲዮ አያችኋለሁ። እጃችሁ ፈጣን ነው፤ እኛም በዕድሜያችሁ ዓይናችንን ሸፍነን እንወዳደር ነበር። የሚያናድደኝ ባዶነቱን ሳታረጋግጡ መጀመራችሁ ነው። ካዝናውን ሳያወጣ ተንሸራታቹን የሳበ ሰው አንዱን ጥይት አስወጥቶ ሌላውን ያጎርሳል። እንደ ግሎክ ያሉት ሽጉጦች ደግሞ ከመፈታታቸው በፊት ምላጭ መሳብ ይፈልጋሉ፤ መዘዙን አስበው። ካዝናው ይቀድማል፤ ከዚያ ተንሸራታቹን ስበህ ያዘው፣ የጥይቱን ቤት፣ በርሜሉ ጀርባ ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ፣ በዓይንህ እይ፣ በጣትህ ዳስስ። ጥይት የተባለ ሁሉ ከክፍሉ ይውጣ። ያኔም ቢሆን አፈሙዙ ወደ ሰው አይዙር።

ብሩሹ ከኋላ፣ በጥይቱ ቤት በኩል ገብቶ በአፈሙዙ ይውጣ ይባላል። ልክ ነው፤ ግን ለሁሉም አይሠራም። ሶቪየቶች በ1951 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው የተቀበሉት ማካሮቭ ሽጉጥ በርሜሉ ከአካሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በርሜሉን ለብቻው አውጥቶ ከኋላ ዘንግ ማስገባት አይመችም፤ እኛ የምንወለውለው በአፈሙዙ በኩል ነበር። አስተማሪያችን ዘንጉን በሁለት ጣት መሐል እየመሩ ቀስ ብለው ያስገቡት ነበር። የአፈሙዙ ከንፈር በዘንግ ከተፋቀ ጥይቱ ሲወጣ ይዛባል፣ ኢላማም ይስታል። አንዳንዱ ተማሪ ይስቅባቸው ነበር፤ ኢላማ ላይ ግን የሳቀው ሁሉ ከእሳቸው ኋላ ነበር።

ከገጠምክ በኋላ የባዶውን ሽጉጥ ተንሸራታች ደጋግመህ ስበህ ልቀቀው፤ ወደ ውጭ የወጣውን ዘይት ጥረገው። መስኮቱ ተከፍቶ ይቆይ፤ ምግብ ከመንካትህ በፊትም እጅህን በሳሙና ታጠብ፤ ጥላሸቱ ውስጥ እርሳስ አለ።