ጦሳን በጭቃ መሳል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ካነበብኩ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣም። መልክዓ ምድር በአክሪሊክ ቀለም ትሠሪያለሽ። አፈርና ጨርቅ ስትጨምሪበት ግን አንድም ይረግፋል፣ አንድም «የተለጠፈ» ይመስላል። እኛ በአፈርና በጨርቅ የምንሥል ሰዎች እንዴት እንደጀመርን ጠይቀሻል። ከሠራሁትም ካበላሸሁትም ልንገርሽ።

ያደግሁት ደሴ ነው፣ ጦሳ ተራራ ሥር። የሥዕል ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፒያሳ ታፔላ የሚጽፉ አንድ ጋሼ ነበሩ፤ እሳቸው ዘንድ ብሩሽ ሳጥብ፣ ቆርቆሮ ስቀባ ነው እጄ የተፈታው። ጭቃውን ግን ያስተማረችኝ እናቴ ናት። በዓል ሲደርስ ግድግዳ ትመርግ ነበር። አፈሩን ትነፋለች፣ የጤፍ ጭድ ትጨምርበታለች፣ ውሃ እያርከፈከፈች በእግሯ ትረግጠዋለች። ከዚያ ለቀናት ታሳድረዋለች። ቸኩዬ «ለምን ዛሬ አንመርግም?» ስላት፣ «ጭቃ ካልተብላላ ይሰነጠቃል» ትለኝ ነበር።

ይህን ረስቼው ኖሬ ዋጋ ከፈልኩ። ጦሳን በአክሪሊክ ደጋግሜ ስሠራው ልሙጥ እየሆነ አስቸገረኝ። ተራራው እኮ ሻካራ ነው፤ የታረሰ፣ የተናደ፣ እርከን የተሠራበት። አንድ ማታ ከግቢያችን አፈር ዛቅሁና በኮላ ለውሼ አቡጀዴ ላይ ወፈር አድርጌ ለጠፍኩት። ሲደርቅ በጣም ወደድኩት። በባጃጅ ወደ ኤግዚቢሽኑ ስወስደው ግን ግማሹ ጭኔ ላይ ረገፈ። አለቀስኩ።

ምክንያቱ ቀላል ነበር። ጨርቅ ይተጣጠፋል፣ የደረቀ ጭቃ አይተጣጠፍም። ጭድም አልነበረበትም፤ አፈሩን አስሮ የሚይዘው ደግሞ ጭዱ ነው። አሁን አቡጀዴውን ከቤት ዕቃ ቤት በማገኘው የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ) ቁራጭ ላይ አጣብቀዋለሁ። አፈሩን በወንፊት፣ ቀጥሎ በሻሽ እነፋለሁ። ጭዱን በመቀስ አደቀዋለሁ። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮላ፣ ትንሽ ውሃ። ስስ አድርጌ እቀባለሁ፤ በደንብ ሳይደርቅ ሌላ አልደርብም። አፈር ሲረጥብ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል፤ ኮላ ሲገባበት ግን እንደ ድሮው አይነጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ ሞክሪው።

«የተለጠፈ ይመስላል» ላልሽው ደግሞ፣ ዕቃው ሥራ ስላልተሰጠው ይመስለኛል። ሻካራ ነገር ወደ ዓይን ይቀርባል፣ ልሙጥ ነገር ይርቃል። ስለዚህ ጭቃና ጭድ ከፊት ላለው ማሳ ብቻ ነው የማውለው። መሐል ላይ አፈሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከኋላ ያለው የተራራ ሰንሰለት ውሃ በበዛበት ሰማያዊ ብቻ ይሠራል፤ እዚያ አንዲት ቅንጣት አፈር ካረፈች ርቀቱ ይጠፋል። ለክረምቱ ጉም ያረጀ ነጠላ አለኝ። ድሩን እየፈታሁ አሳሳውና በውሃ በቀጠነ ኮላ ተራራው ወገብ ላይ አስተኛዋለሁ። ከሥሩ አረንጓዴው በክሮቹ መሐል ይታያል። ጉም በነጭ ቀለም ሲሠራ ግድግዳ ይሆናል፤ በነጠላ ሲሠራ ግን ያሳልፋል።

ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን የዛፍ ልጥ ላይ የሠራቸውን ተመልከቺ፤ ልጡ ራሱ ሥዕል ነው። የሌላው ሠዓሊያችን የኤልያስ ስሜ የክርና የአዝራር ሥራዎችም እንደዚሁ ናቸው። አንዱ ዕቃ ቢወጣ ሥዕሉ ይፈርሳል። እኔ የራሴን የምፈትነው በዚህ ነው።

ፎቶ እያየሽ ነው የምትሠሪው መሰለኝ። እባክሽ ቦታው ድረስ ሂጂ። ጧት ፀሐይ በአዝዋ ገደል በኩል ስትወጣ ጦሳን ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ያኔ ጥላ ስለሌለ ዝርግ ይመስላል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይዋ ወደ ጀርባው ስትዞር ሸንተረሩ ሁሉ ብቅ ይላል። እኔ በእርሳስ ጨለማውን፣ መሐለኛውንና ብርሃኑን ብቻ ለይቼ እይዛለሁ፤ ቀለሙን በቃላት ጎኑ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያው ቦታ አንድ እፍኝ አፈር በፌስታል ይዤ እመለሳለሁ። የሐይቅ ዳርና የኮምቦልቻ አፈር አንድ አይደለም፤ ጎን ለጎን ስታደርጊያቸው ታይዋለሽ።

የረገፈብሽን ሥራ አትጣይው። መስኮት አጠገብ አድርገሽ ከጎን ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ውፍረቱን ካየሁ የቱ ጋ እንደለቀቀ እነግርሻለሁ።