መልስ፦ የሉዞኗ ኦርኪድ ድቅል ናት ወይ?

ከንፈሯን (የአበባዋን የታችኛውን፣ ለየት ያለ ቅርጽ ያለውን ቅጠል) እይ። ሉዞን፣ ፊሊፒንስ ፎቶ ያነሳሃት ሮዝ ነካ ያደረጋት ነጭ ፋላኖፕሲስ (የኦርኪድ ወገን) የምትለየው እዚያ ነው።

አፍሮዳይት የምትባለው ዝርያ ከንፈሯ ጫፍ ላይ እንደ ጢም የተጠማዘዙ ሁለት ረጃጅም ክሮች አሏት። ኢኩዌስትሪስ የምትባለው ሌላዋ ዝርያ ክር ጭራሽ የላትም፤ አበባዋም ትንሽዬ ነው፣ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ያንተዋ አጠር ያሉ ሁለት ቀንዶች ካሏትና መጠኗ መሃል ላይ ከሆነ፣ የሁለቱ ድቅል የሆነችው ኢንተርሚዲያ ሳትሆን አትቀርም። የእጽዋት ተመራማሪው ሊንድሊ እ.ኤ.አ. በ1853 ድቅልነቷን ገምቶ ነበር። በ1886 እንግሊዝ ውስጥ ሁለቱን አዳቅለው ያችኑ አበባ አወጡ።

በቀለም ብቻ ግን እንዳትፈርድ። እኔ ነጣ ያለች ኢኩዌስትሪስ አይቼ «ድቅል አገኘሁ!» ብዬ ለሰው ሁሉ አውርቼ አፍሬያለሁ። ለካ እሷው ራሷ ከነጭ እስከ ደማቅ ሮዝ ትለያያለች።