«አንድ ደቂቃ» የሚለው ባሌ

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጃችን 7 ወሯ ነው። ባለቤቴ እሷ ከመወለዷ በፊት ጌም እምብዛም አይጫወትም ነበር። አሁን ከሥራ ገብቶ እራቱን እንደበላ ኢርፎኑን ያደርግና ፐብጂ የሚባለው የስልክ የተኩስ ጌም ውስጥ ይገባል። ሦስቴ ብጠራው አይሰማም። ከሰማም «አንድ ደቂቃ» ይለኛል። ግማሽ ሰዓት ያልፋል። ልጅ መያዝ ላይም ጎበዝ አይደለም፤ ዳይፐር ሲቀይር ስለሚያበላሽ እቀበለዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ሻወር ልወስድ ስገባ አደራ ሰጠሁት። ስወጣ አጠገቡ ተንሰቅስቃ ታለቅሳለች፤ እሱ ስክሪኑ ላይ ነው። ስልኩን ነጠቅኩት። ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ንቆኝ ነው ወይስ ሱስ ይዞት?

መልስ፦ እህቴ፣ ያን ቀን ምን እንደተሰማሽ ይገባኛል። ብትናደጂም አይፈረድብሽም። ግን ንቀት ነው ብለሽ ከመደምደምሽ በፊት ይህን ስሚኝ፤ ምናልባት እውነትም አልሰማም።

ዓይናችን ከባድ ሥራ ሲይዝ ጆሯችንም ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ2011 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ስክሪን ላይ ከባድ ነገር ሲለዩ ከነበሩት ሰዎች ብዙዎቹ በኢርፎናቸው የተለቀቀውን ድምፅ ልብ አላሉትም። ፐብጂ ደግሞ ፋታ የለውም። እስከ 100 ሰው አንድ ሜዳ ላይ ይወርዳል። ሜዳው እየጠበበ ይሄዳል። ጠላት መቅረቡ የሚታወቀው በኮቴው ድምፅ ነው። አንቺ የምትጣሪው እዚያ መሀል ነው።

«አንድ ደቂቃ» የምትለዋ ነገርም አለች። አንድ ጌም እስከ መጨረሻው ከሄደ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከሌሎች ጋር በኢንተርኔት ስለሆነ መሀል ላይ ማቆም አይቻልም። ጥሎ ቢወጣ አብረውት የገቡት ይጎዳሉ። ስለዚህ የሌለ ደቂቃ ነው ቃል የሚገባልሽ።

ጥፋት የለበትም እያልኩሽ አይደለም። ጥፋቱ ያለው ጌሙን ከመጀመሩ በፊት ነው። ከገባ እንደማይሰማ ያውቃል። ሕፃን አደራ የተሰጠው አባት አይጀምርም፤ አለቀ። እሱ ፊቴ ቢቀመጥ ሳላለሳልስ የምነግረው ይህን ነው።

ሱስ ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የጌም ችግርን አካቷል። ሰውየው ራሱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙን ከሌላው ሁሉ ሲያስቀድም፣ ጉዳቱን እያየ ሲቀጥል ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል ሲቆይ። ከደብዳቤሽ ተነስቼ ሱሰኛ አልለውም። ሥራ መቅረት ከጀመረ ወይም ልተው ብሎ ካቃተው ግን ባለሙያ ጋ ሂዱ።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሰው ሦስት ነገር ይርበዋል ይላሉ፦ በራሱ መወሰን፣ እችላለሁ ብሎ መሰማት፣ ከሰው ጋር መቀራረብ። ራያን በኋላ ይህንኑ ጌም ላይ አጥንቶታል። ፐብጂ ሦስቱንም በአንድ ምሽት ይሰጣል። ይመርጣል፣ ያሸንፋል፣ ጓደኞቹ «ጎበዝ!» ይሉታል። ቤቱ ውስጥ ግን ልጁን ሲያነሳ «እንዲያ አይደለም፣ ስጠኝ» ይባላል። ለድካምሽ ወቀሳ እንዳይመስልሽ። ሸክሙ ሁሉ አንቺ ላይ የቀረውም በዚሁ በኩል ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ስልኩ እጁ ላይ ሳይኖር አነጋግሪው። በ«ንቀኸኛል» አትጀምሪ፤ «ያን ቀን ፈርቼ ነበር» በይው። ከዚያ በደቂቃ ሳይሆን በጌም ቁጥር ተስማሙ። ልጅቷ ከተኛች በኋላ ሁለት ጌም፣ ኢርፎኑ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ። ስትፈልጊው ከወጥ ቤት አትጣሪ፤ ቀርበሽ ትከሻውን ንኪው። ማታ ማታ ልጅቷን ማጠብ የእሱ ይሁን፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አንቺም አጠገቡ አትቁሚ። ዳይፐሩን አጣሞ ቢያስረውም እንደታሰረ ይደር።