ደለሉ የት ቀረ? ስለ ዴልታ ጠይቁኝ

አራት ኪሎ ነው ያለሁት፤ ዕድሜዬን በወንዝና በደለል ሥራ ላይ አሳልፌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ ዴልታ ማዕበልን እንዴት ይከላከላል?

ወንዝ ባሕር ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና የተሸከመውን አፈር እዚያው ያራግፋል፤ ዴልታ የሚባለው ይኸው ነው። ባለፈው ነሐሴ ከቀበና ድልድይ ሥር በጠርሙስ ውሃ ቀድቼ መስኮት ላይ አስቀመጥኩ። ስቀዳው እንደ አተላ የደፈረሰ ነበር። በማግስቱ ከላይ ጠርቶ ከታች ጭቃው ተኝቷል። ሺህ ዓመታት እንዲህ ሲቆለል መሬት ይሆናል። ሣርና ማንግሮቭ (ጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) ሲበቅልበት ማዕበሉ መንደር ሳይደርስ ሥሩና ግንዱ ላይ ይደክማል።

ታዲያ ለምን ይጠፋል?

ዴልታ በራሱ ክብደት ሁልጊዜ ይሰጥማል፤ የሚያነሳው በየዓመቱ የሚመጣለት አዲስ ጭቃ ነው። አሜሪካኖች ከ1927ቱ ጎርፍ በኋላ ትልቁን ወንዛቸውን ሚሲሲፒን ግራና ቀኝ በካብ አጠሩት። ከተሞቹ ዳኑ፤ ደለሉ ግን ረግረጉን ትቶ ጥልቅ ባሕር ገባ። ወንዙ ባሕር የሚገባባት የሉዊዚያና ግዛት ዳርቻ ከ1930ዎቹ ወዲህ 5,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ አጥቷል።

የግብፅ ዴልታ የሚበላው በእኛ ግድብ ነው የሚሉ አሉ።

አይደለም። ያ ዴልታ በአብዛኛው ከእኛ ደጋ በአባይና በተከዜ በወረደ አፈር የተሠራ ነው። ነገር ግን እዚያው ግብፅ ያለው የአስዋን ከፍተኛ ግድብ በ1970 ካለቀ ወዲህ ደለሉ ከሞላ ጎደል ሁሉም ግድቡ በፈጠረው ናስር ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከተቋረጠ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል።

ግንብ ብቻ ቢሠራስ?

ግንብ ያስፈልጋል፤ ፊቱ ረግረግ ከሌለ ግን ማዕበሉ ሙሉ ጉልበቱን ይዞ ይመታዋል።

መመለስ ይቻላል?

ይቻላል። እዚያው ሉዊዚያና፣ ዋክስ ሌክ የሚባል ቦታ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ለጎርፍ ማስተንፈሻ ቦይ ተቆፈረ። ከ1973ቱ ጎርፍ በኋላ አፉ ላይ አዲስ መሬት ብቅ አለ፤ ዛሬም እያደገ ነው። ይህን አውቆ ለመድገም፣ የሚሲሲፒን ውሃና ደለል ወደ ረግረጉ ለመመለስ በ2023 የተጀመረው የባራታሪያ ሥራ ግን በ2025 ተሰረዘ። ወጪው ከብዷል፤ ጨው የሌለው የወንዝ ውሃ ኦይስተርና ሽሪምፕ (ለምግብ የሚጠመዱ የባሕር እንስሳት) ያሳጣናል ያሉ አጥማጆችም ተቃውመዋል። ሥራው ቢቀጥል እመርጥ ነበር፤ የእነሱ እንጀራ ሳይካስ ግን ትክክል አይሆንም።

ፒያሳ አስተማሪ ነኝ፤ ለተማሪዎቼ እንዴት ላሳያቸው?

ትልቅ ትሪ ትንሽ አዘንብዪና በታችኛው ጠርዝ ውሃ አቁሚ። አፈር የበዛበት ውሃ ከላይ ቀስ ብለሽ አፍስሺ፤ ጭቃው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል። ከዚያ መንገዱን በሁለት ማስመሪያ አጥረሽ ድገሚውና ጭቃው የት እንደሚሄድ ጠይቂያቸው።