ለሽማግሌ የማይነገር ጉዳይ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዶክተር። ዕድሜዬ 36 ነው፤ ቡሬ ውስጥ በእህል ንግድ እተዳደራለሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ትንሿ ገና ስምንት ወሯ ነው፣ ጡት አልተወችም። ችግሬን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም። ሌሊት ሰው ሁሉ ሲተኛ ስልኬ ላይ የወሲብ ቪዲዮ ማየት እጀምራለሁ፤ የማቆመው ዶሮ ሲጮኽ ነው። ጭነት ይዤ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ስሄድ ደግሞ ከማላውቃቸው ሴቶች ጋር አድራለሁ። ደስታ የሚባል የለውም፤ ጠዋት ራሴን እጸየፋለሁ፣ በሦስተኛው ቀን ያው ነኝ። እንዲህ ከሆንኩ አራት ዓመት አለፈኝ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖና ተቀብያለሁ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን አንድም ሳልነካ ጾምኩ፤ የፋሲካ ሳምንት ሳያልቅ ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰብኝ። ባለቤቴ ስልኬን ከፍታ አየች፤ ልጆቹን ይዛ ደምበጫ እናቷ ቤት ገባች። ሽማግሌዎች “የጠባችሁ ምክንያት ምንድን ነው?” ይሉናል፤ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም። አንዳንዴ መኖር ያስጠላኛል። ይህ በሽታ ነው ወይስ ብልግና? ሕክምናስ አለው? ትመለስልኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ነገርን በሰም ጠቅልሎ ወርቁን ለአድማጭ መተው ልማዳችን ነው፣ በተለይ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን። ብዙ ሰው “ወገቤን” ብሎ ይመጣል፣ የወገብ መድኃኒት ይጻፍለታል፣ የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው “ዶክተር፣ አንዲት ነገር ነበረች” የሚለኝ። እርስዎ ወርቁን አስቀድመው ስላወጡት እኔም ሳልሸፍን እመልሳለሁ። የጥያቄዎን ቅደም ተከተል ግን አልጠብቅም፤ የማይቆዩ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛዋ “መኖር ያስጠላኛል” ያሏት ናት። ጣል አድርገዋት አለፉ፤ እኔ አላልፋትም። ምሬት ብቻ ከሆነች ለሚያክሙዎት ሰው በመጀመሪያው ቀን ይንገሩ። ራስዎን ስለማጥፋት የሚያስቡ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ የዚያኑ ዕለት በአቅራቢያዎ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስከዚያ ብቻዎን አይደሩ። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ወይም መጋዘን ውስጥ የእህል መርዝ ካለ ቁልፉን ወንድምዎ ወይም የሚያምኑት ሰው ይያዘው።

ሁለተኛው ምርመራ ነው። ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ቢ ይመርመሩ። ቁስልም ፈሳሽም ስለሌለኝ ደህና ነኝ አይበሉ፤ ሦስቱም ምልክት ሳያሳዩ ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። የኤችአይቪ ምርመራ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። ውጤቱ ቫይረሱ የለብዎትም ቢልም ከመጨረሻው ግንኙነት ሦስት ወር ሲሞላ ይደገማል። 72 ሰዓት ካላለፈ ደግሞ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ያውም ቶሎ በተጀመረ ቁጥር የተሻለ ይሠራል።

ይህን ያስቸኮልኩት ስለ ትንሿ ልጅዎ ነው። እናት በምታጠባበት ወቅት አዲስ በኤችአይቪ ከተያዘች በደሟ ውስጥ ያለው ቫይረስ በጣም ብዙ ስለሚሆን ወደ ሕፃኑ የመተላለፍ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ ባለቤትዎም መመርመር አለባት፤ ለምን እንደምትመረመር የማወቅ መብትም አላት። ስልኩን እንዳየች ጽፈዋል፤ በመንገድ ስላሉት ሴቶች ታውቅ እንደሆነ ግን ከደብዳቤዎ አልገባኝም። ካላወቀች አሁኑኑ ሊነገራት ይገባል። “በጉዞ ላይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆኛለሁ፤ እኔ ተመርምሬያለሁ፣ አንቺም ስለ ራስሽና ስለ ልጃችን ተመርመሪ” ማለት ይበቃል። እናቷ ፊት አይናገሩት፣ በስልክ ጽሑፍም አይላኩት። በአካል መናገር ካስፈራዎት ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለችው አማካሪ ነርስ አብራችሁ ትቀመጥ፤ ይህ ሥራዋ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በሽታ ነው ወይስ ብልግና? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ይህን ዓይነቱን ችግር በስም መዝግቦታል፤ በአማርኛ “ወሲባዊ ግፊትን መቆጣጠር ያለመቻል” ብንለው ያስኬዳል። የተቀመጠውም ከሱስ ተርታ ሳይሆን፣ ግፊትን መግታት ከሚሳናቸው ችግሮች ጋር ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያው ግን አላካተተውም፤ ባለሙያዎች አሁንም ይከራከራሉ። ክርክራቸውን ለእነሱ እንተወውና መለኪያውን እንይ። ስንት ጊዜ የሚለው ቁጥር አይደለም መለኪያው፤ ፍላጎቱ የበረታ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይባልም። የሚታየው ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሰውዬው ለማቆም ደጋግሞ ሞክሮ አልሆነለት እንደሆነ፣ ትዳሩ፣ ሥራውና ጤናው እየተጎዳ፣ ደስታ እንኳ ሳያገኝበት ይቀጥል እንደሆነ ነው። አራት ዓመት፣ የፈረሰ ቤት፣ “ደስታ የሚባል የለውም” የሚል ቃል፤ የእርስዎ ደብዳቤ ይህን ይመስላል። በአንጻሩ አንድ ሰው የሚያስጨንቀው “ሃይማኖቴ ያወግዘዋል” የሚለው ብቻ ከሆነ ይህ ስም አይሰጠውም። ደግሞ በሽታ ነው መባሉ በባለቤትዎ ላይ የደረሰውን በደል አይፍቅም። ሐኪም የሚያክመው አለ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበትም አለ፤ ሁለቱም የእርስዎ ድርሻ ናቸው።

ከደብዳቤዎ ሁሉ እኔን የያዘችኝ የጾሟ ነገር ናት። እርስዎ የጻፏት እንደ ሽንፈት ነው፤ እኔ እንደ ምርመራ ውጤት አነበብኳት። እስኪ ያስቡት፦ በዐቢይ ጾም ምን ነበር? ከሥራ በኋላ ቤተ ክርስቲያን፣ ስግደት፣ መጠጥ የለም፣ ከተማውም ጭር ያለ፣ ባልና ሚስትም አልጋ የለዩ ስለሆነ “ለምን አልቀረብሽም” ብሎ ማኩረፍ የለም። ቀኑ ከጠዋት እስከ ማታ አጥር ነበረው። ከዚያ ፋሲካ ገባ። በዓለ ሃምሳ እንደሚያውቁት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ ስግደትም የለም። አጥሩ በአንድ ሌሊት ተነሳ፤ ጠላውና አረቄው፣ ጉዞውና ስልኩ በአንድ ላይ ተመለሱ። ያቆየዎት ጉልበት ብቻ ቢሆን ኖሮ 55 ቀን ያደረሰው ጉልበት በ56ኛው ቀን የት ሄደ? ሕክምናው ደግሞ በአብዛኛው ይህን አጥር በሃምሳውም ሆነ በሐምሌ እንዳይነሳ አድርጎ መሥራት ነው።

ነጋዴ ስለሆኑ መመዝገብ አይቸግርዎትም። አንድ ትንሽ ደብተር ይያዙና ግፊቱ በመጣ ቁጥር ሰዓቱን፣ የት እንደነበሩ፣ ከዚያ በፊት ምን እንደሆነና ምን እንደተሰማዎት ይጻፉ። የሠሩትን አይዘርዝሩ፤ ለማንም አይጠቅምም። ሁለት ሳምንት ሲሞላ የሚደጋገም ነገር ይታያል። አንዱ ዋጋ ወርዶበት የከሰረ ዕለት ነው የሚነሳበት፣ ሌላው ተኮራርፎ ያደረ ዕለት፣ ሌላው ብቸኛ አልጋ ቤት ሲገባ። አመጣጡ የሥጋ ፍላጎት ይመስላል፤ ሲገለጥ ግን ብዙ ጊዜ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም ብቸኝነት ነው የሚገኘው።

ደብተሩን ይዘው የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ አእምሮ ነርስ ዘንድ ይሂዱ። የአእምሮ ሕክምና ክፍል በደብረ ማርቆስ ሆስፒታልም፣ በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም አለ። በራስዎ ከተማ ካርድ የምታወጣው ልጅ የጎረቤት ልጅ ከሆነች፣ ጭነት ይዘው የሚሄዱበትን ከተማ ይምረጡ። መዝገብ ላይ “ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት” ቢሉ አልዋሹም፤ የቀረውን በሩ ሲዘጋ ይናገሩ። ለዚህ ችግር የደም ምርመራም የራስ ቅል ፎቶም የለም፤ የሚያስፈልገው ረጅም ጨዋታ ነው። ባለሙያው ስለ እንቅልፍዎ፣ ስለ መጠጥና ጫት፣ ስለሚወስዱት መድኃኒት፣ በልጅነትዎ ያለ ፈቃድዎ የነካዎት ሰው እንደነበረም ይጠይቅዎታል። አይከፉ፤ እያንዳንዷ ጥያቄ ምክንያት አላት። እንቅልፍ ሳይፈልግ ሌሊቱን የሚያነጋ፣ ገንዘብ የሚበትን፣ ንግግሩ የሚፈጥን ሰው ዋናው ሕመሙ ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት አንዴ ከልክ በላይ የሚጦዝበት፣ አንዴ በድብርት የሚወድቅበት ሕመም ሊሆን ይችላል። እጅን ለሚያንቀጠቅጠው ለፓርኪንሰን ሕመም የሚታዘዘው ፕራሚፔክሶልም፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው አሪፒፕራዞልም በአንዳንድ ሰዎች ላይ ይህንኑ ግፊት ያመጣሉ፤ ያኔ መፍትሔው መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም እንዲያስተካክለው ማድረግ ነው።

ዋናው ሕክምና የንግግር ሕክምና ነው፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለተወሰኑ ወራት። እዚያ ከሚማሯቸው ነገሮች አንዱ ግፊትን ማሳለፍ ነው። የክረምት ወንዝ ሲሞላ አዋቂ መንገደኛ አይታገለውም፤ ዳር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ውኃው ይጎድላል። ግፊትም ጫፉ ላይ ሲደርስ የማያልቅ ይመስላል፣ ሳይታዘዙት ከቆዩ ግን ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይበርዳል። መውጣት፣ ፊት መታጠብ፣ ለአንድ ለሚያውቅ ሰው መደወል የዳር መቆሚያ ናቸው። ስልኩ ማታ ሌላ ክፍል ይደር፤ ለማንቂያ ኢንተርኔት የሌላት ትንሿ ስልክ ትበቃለች። ጉዞ ላይ ከዘመድ ቤት ይደሩ ወይም ሰው ይዘው ይሂዱ።

መድኃኒትን በተመለከተ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት የድብርት መድኃኒቶች አንዳንዱን ይረዳሉ፤ በተለይ ድብርትና ጭንቀት አብሮ ሲኖር። ለዚሁ ችግር ብቻ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት ግን የለም። ከፋርማሲ ገዝተው አይጀምሩ፤ ባይፖላር ያለበትን ሰው ድብርት ማቃለያው ብቻውን ወደ ሌላው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። ንስሐ አባትዎን አይተዉ፤ ፀበሉንም ቢሆን። መድኃኒት ከተጀመረልዎ ግን ለፀበል ብለው አያቋርጡት።

አሁን ስለ ባለቤትዎ። በዚህ ችግር ሚስት ከድርጊቱ ይልቅ በአነጋገሩ ስትጎዳ አይቻለሁ። ባል ዛሬ ስልኩን ያምናል፣ በወሩ አንዲት ሴት፣ ስትጫነው ሌላ። እሷ በየወሩ እንደ አዲስ ትወድቃለች፤ በመጨረሻ እውነቱን ሲናገርም አታምነውም። ከምርመራው ጋር የተያያዘው ዛሬ ይነገር ብያለሁ። የቀረው፣ ገንዘቡም ጊዜውም፣ በባለሙያ ፊት፣ እሷ ስትፈቅድና ስትዘጋጅ፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይነገር። የምትጠይቀውን ይመልሱ፤ ያልጠየቀችውን ዝርዝር ለራስዎ ቀለል እንዲልዎት ብለው አይጫኑባት። ለእሷም ብቻዋን የምታማክረው ሰው ያስፈልጋታል። “ስልኬን በየቀኑ ፈትሺኝ” ብለው ዘበኛ አያድርጓት። “አንቺ ብትቀርቢኝ ኖሮ” የሚለውንም ከአፍዎ አያውጡት። ሚስት መድኃኒት አይደለችም፤ ያለ ፈቃዷ የሚሆን ነገርም በምንም ስም ሕክምና አይባልም።

ሽማግሌዎቹ ከባድ ናቸው፤ ይገባኛል። ወጉ ምክንያት ይጠይቃል፣ ጥፋተኛ ይለያል፣ ዋስ ያስጠራል። ዋስ የሚሆነው ሰው ደግሞ ለማያውቀው ነገር እንዴት ዋስ ይሁን? እሷ ዝም ያለችው ስምዎን ስለጠበቀች ነው፤ ይህን ሸክም ለእሷ አይተዉ፣ “ጠባየ ክፉ ናት” ተብሎ እንዲታማም አይፍቀዱ። እንዲህ ይበሏቸው፦ “ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሷ ጥፋት የለበትም። ዝርዝሩን ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፣ ሕክምናም ጀምሬያለሁ። እሷ ራሷ ጊዜ እስክትሰጥ ቀን እንዳትቆርጡባት።” አስተዋይ ሽማግሌ ከዚህ በላይ አይጠይቅም። የጠየቀ ካለም ይህንኑ ይድገሙለት። ይህን የሚሉት ግን በእርግጥ ሕክምናውን ከጀመሩ በኋላ ነው።

ትመለስልኝ ይሆን ላሉት፣ ይህን እኔ ልነግርዎ አልችልም። አልፈው የተስማሙ አይቻለሁ፣ ባልየው ድኖም ያልተመለሰች አይቻለሁ። በዚህ ሳምንት ወደ ደምበጫ ሲደውሉ “ተመለሽ” አይበሏት። የምርመራውን ውጤት፣ የቀጠሮዎን ቀንና የልጆቹን ወጪ እንዴት እንደሚልኩ ይንገሯት።