ሮማውያን ድምፅ ይሰጡ ነበር፤ ቆጠራው ግን እንዴት ነበር?

እህቴ፣ «የሮም ሕዝብ ቆንስሎቹን (ሁለቱን የበላይ ሹማምንት) በየዓመቱ ራሱ እየመረጠ፣ ሕጉን ራሱ እያጸደቀ ለምን የሀብታሞች አገዛዝ ይባላል?» ብለሽ የጠየቅሽውን አየሁ። ታሪክ ሳስተምር 12 ዓመቴ ነው፤ ተማሪዎቼም ይህንኑ ደጋግመው ይጠይቁኛል። በቃል ማስረዳቱ አልሆን ሲለኝ አንድ ቀን ክፍሉን ሮም አደረግኩት።

60 ልጆች ነበሩ። መጀመሪያ 27ቱን ሴቶች ከመራጭነት አወጣኋቸው፤ በሮም ሴት ዜጋ ብትሆንም ድምፅ አልነበራትምና (ባሪያ ደግሞ ጭራሽ ዜጋም አይደለም)። ከቀሩት ወንዶች 5ቱን «ሀብታሞች» ብዬ ከፊት አስቀምጬ 10 ካርድ ሰጠኋቸው። መሐል ላሉት 15 ልጆች 8 ካርድ፣ ከኋላ ላሉት 13 «ድሆች» ለሁሉም አንድ ካርድ። ከዚያ የክፍል አለቃ ምረጡ አልኩ፤ ጥሪው ከፊት ይጀምራል። አምስቱ ባንድ ልጅ ተስማሙ፣ 10 ካርድ ሞላ፣ ምርጫው አለቀ። ከኋላ አንዱ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ የኛ ተራ መቼ ነው?» አለኝ።

ይህን ከራሴ አልፈጠርኩትም። ቆንስሎች የሚመረጡበት ጉባኤ ሴንቹሪያ የሚባሉ 193 የመራጭ ቡድኖች ነበሩት፤ የሚቆጠረውም የሰው ሳይሆን የቡድን ድምፅ ነው። በቀድሞው አደላደል ከባለጸጎች የሚወጡት ፈረሰኞች 18፣ አንደኛው የሀብት መደብ 80 ቡድን ይዘው 98 ይሆናሉ፤ ይህ ከግማሽ በላይ ነው። ንብረት የሌለው ዜጋ የቱንም ያህል ቢበዛ በአንድ ቡድን ይጠቀለላል። አብላጫው እንደሞላ ደግሞ ጥሪው ይቆማል። በኋላ የአንደኛው መደብ ድርሻ ወደ 70 ቢወርድም የመጨረሻው ቡድን ሳይጠራ ውጤቱ የሚታወቅበት ሁኔታ አልቀረም።

ግን በዚህ ብቻ እንዳትፈርጂ። ሌላም ጉባኤ ነበር፤ በ35 ነገዶች የተከፈለ፣ ሀብት የማይለይበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ287 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) የፕሌቦች (ከባላባት ቤተሰብ ያልሆኑ ዜጎች) ጉባኤ የወሰነው ሁሉንም ዜጋ የሚገዛ ሕግ እንዲሆን ተደነገገ። ትሪቡን የሚባሉ 10 የፕሌቦች ተጠሪዎችም ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የቆንስልን ውሳኔ ሳይቀር ማገድ ይችላሉ፣ ሰውነታቸውም በመሐላ የተጠበቀ ነው። እውነተኛ ሥልጣን ነው። ሆኖም ከነገዶቹ የከተማዋ ድርሻ 4 ብቻ ነበር። ድምፅ ለመስጠት በአካል ሮም መገኘት ግድ ስለሆነ፣ ከሩቅ አገር እርሻውን ጥሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ አንቺው ገምቺ። መራጩ ሐሳብ ማቅረብም ሆነ ማሻሻል አይችልም፤ ጉባኤውን የጠራው ባለሥልጣን ላቀረበው እሺ ወይም እምቢ ማለት ብቻ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደጅ ጥናቱ ነው። ድሃው ሮማዊ ማለዳ ተነስቶ የጌታውን ደጅ ይጠናል፤ ብድሩም፣ የፍርድ ቤት ጠበቃውም እዚያ ነው። እስከ 139 ድረስ ድምፅ የሚሰጠው በአፍ፣ ሰው እየሰማ ነበር። በዚያ ዓመት ምርጫ በሰሌዳ ላይ እየተጻፈ በምስጢር እንዲሆን ተደነገገ። በ119 ማርዮስ የተባለ ፖለቲከኛ ትሪቡን ሳለ መራጮች ድምፅ ሊሰጡ የሚያልፉበትን ድልድይ መሰል መተላለፊያ በሕግ አጠበበው፤ ታላላቆቹ እዚያ ቆመው መራጩን እንዳያስጨንቁ ነው። ቆንስሉ ሲቃወመው አስርሃለሁ ብሎ አስፈራራው። እኔም በክፍሌ መጀመሪያ በአፍ፣ ቀጥሎ በወረቀት አስመረጥኳቸው። በአፍ ሲሆን ልጆቹ አንዱን ጉልበተኛ እያዩ ነበር የሚመልሱት። በወረቀት ሲሆን ሌላ ልጅ አሸነፈ።

ስለዚህ እኔ የሮምን ሪፐብሊክ ዴሞክራሲ አልለውም። መሪዎቹ ከጥቂት ቤተሰቦች የሚወጡበት፣ ሕዝቡ ግን ልጓም የያዘበት አገዛዝ ነው። ልጓሙ የይስሙላ እንዳልነበር የትሪቡኑ የጢባርዮስ ግራኩስ ነገር ያሳያል። በ133 ሴኔቱን (የታላላቆቹን ምክር ቤት) ሳያማክር፣ ሀብታሞች ከመጠን በላይ የያዙትን የመንግሥት መሬት ለድሆች የሚያከፋፍል ሕግ በሕዝብ ድምፅ አጸደቀ። በዚያው ዓመት ሴናተሮች ከተከታዮቻቸው ጋር ሆነው በዱላና በሰባራ ወንበር እግር ቀጥቅጠው ገደሉት፤ ሬሳውንም ቲቤር ወንዝ ጣሉት። ወንድሙ ጋይዮስ ልቅበረው ብሎ ቢለምን ከለከሉት። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ123፣ ያው ጋይዮስ ሕዝቡ መርጦት ትሪቡን ሆነ።