የአንባቢያን ጥያቄ፦ «በሉቃስ፣ ለሚካኤል አጥቢያ ዐረፈ» ሲባል ዓመቱ ስንት ነው?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያታችን የተቀበረው መንዝ ነው፤ ሐውልት ልናሠራለት አስበናል። ሽማግሎች «በሽታው ጊዜ፣ በሉቃስ፣ በኅዳር፣ ለሚካኤል አጥቢያ፣ ሐሙስ ሊነጋ ሲል ዐረፈ» ይላሉ። አንዱ አጎታችን 1911 ነው ሲል ሌላው 1915 ይላል። የትኛውን እናስቀርጽ?

መልስ፦ ከሁለቱ 1911 ነው የሚያስኬደው። አጎቶችዎ የተለያዩት ሁለቱም ዓመታት ዘመነ ሉቃስ ስለሆኑ ነው። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምረው ለ4 ያካፍሉ፤ 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። 7411ም 7415ም 3 ይተርፋቸዋል።

ነገሩን የሚፈታው ሐሙስ ነው። 7411 ለ4 ሲካፈል የደረሰው 1852 ነበር። ይህን መልሰው ከ7411 ጋር ሲደምሩት 9263 ይሆናል፤ ለ7 ሲካፈል 2 ይተርፋል። ትርፉ 0 ከሆነ መስከረም 1 ሰኞ ነው፣ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ እያለ ይቀጥላል። ስለዚህ የ1911 መስከረም ረቡዕ ገባ። ወሩ 30 ቀን ነውና የሚቀጥለው ወር መባቻ ሁለት ቀን ይገፋል፤ ጥቅምት ዓርብ፣ ኅዳር እሑድ ገባ። ኅዳር 8 ዳግም እሑድ፣ 12 (ሚካኤል) ሐሙስ። በ1915 ግን ኅዳር ሚካኤል ማክሰኞ ነበር የዋለው።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ወንጌላዊው፣ ቀኑና ዕለቱ ሦስቱም አንድ ላይ የሚገጥሙት በየ28 ዓመቱ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት) ዐውደ ፀሐይ የሚለው ይህንን ነው። ከ1911 ወደ ኋላ 28 ሲቀንሱ 1883 ላይ ያርፋሉ፤ እሱ ደግሞ የክፉ ቀን ወራት ነው፤ ያኔም በሽታ ነበር። እንግዲህ «የትኛው በሽታ?» ብለው ይጠይቁ። ወሬው በሬ አለቀ፣ መሬቱ በዶማ ተቆፈረ የሚል ከሆነ ክፉ ቀን ነው፤ የከብቱ በሽታ በ1880 በምጽዋ በኩል ገብቶ የሚያርስ በሬ አሳጣ፣ ረኃቡም ተከተለ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወድቆ ቀባሪ ጠፋ ከተባለ የ1911 የኅዳር በሽታ (ኢንፍሉዌንዛው) ነው። ልጁ ማይጨው ሲዘምት የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር የሚባል ከሆነማ ክርክሩ አለቀ፤ 1928 ላይ ሃያ የሞላው በ1908 ነው የተወለደው፣ አባቱ በ1883 ሊሞት አይችልም።

ኅዳር ሚካኤል ከበሽታው ጋር ተጣብቆ ስለሚነገር (ኅዳር ሲታጠንን ያስታውሱ) በዚያ ሰሞን የሞተው ሁሉ «በሚካኤል» ሊባል ይችላል። ስለዚህ አርባው መቼ ወጣ ብለው ያጣሩ። የሞተበትን ቀን አንድ ብለው ቢቆጥሩ ከኅዳር 12 አርባኛው ቀን ታኅሣሥ 21፣ ማርያም ነው። ድግሱን ግን አይመኑት። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ስለሆነ፣ እህሉም ገና አውድማ ላይ ስለሚሆን፣ ተዝካሩ ከገና በኋላ ተገፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ከድግሱ ወደ ኋላ የቆጠረ ሰው ከሳምንት በላይ ሊስት ይችላል። የሚጠየቀው ፍትሐቱ የተደረሰበት ቀን ነው። ደብሩ ዘንድ ሲሄዱ የክርስትና ስሙን ይዘው ይሂዱ፤ በዓለም ስሙ ብቻ ቢጠይቁ ካህናቱ የጸለዩለትን ሰው ላያገኙት ይችላሉ። የቀበሌ የሞት መዝገብ ለዚህ አይረዳም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው።

«አጥቢያ» የዋዜማው ሌሊት ነው። ንጋት ሲቃረብ ከሆነ ያረፈው፣ ድንጋዩ ላይ «ኅዳር 12 ቀን 1911 ዓ.ም.» ይባል። ውጭ አገር ላሉት ዘመዶች በፈረንጅ ይጻፍ ካሉ ኖቬምበር 21 ቀን 1918 ነው። ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት የሚጨመረው 7 ነው፤ ቀራጮች ሁልጊዜ 8 ይጨምሩና 1919 ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ እኛ ወሎ ነን፤ አያታችን «በረመዳን፣ በማሽላ አጨዳ» ሞተ ይባላል። ከዚህ ዓመት ይወጣል?

መልስ፦ በግምት ይወጣል። የሒጅራ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳን ወደ አንድ ወቅት የሚመለሰው በ33 ዓመት አካባቢ ነው። አጨዳው ኅዳር ከነበረ በ1929፣ በ1961 ወይም በ1994፣ አለዚያም ከነዚህ አንድ ሁለት ዓመት ወዲያና ወዲህ ነው። በጣሊያን ጊዜ ነው ካሉ የመጀመሪያውን ይያዙ።